በድጋሚ ተፈትኜ 359 አመጣሁ፤ ዴንታል ልሞክር ወይስ ልተወው?

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከባሕር ዳር ነኝ። ረዘም ያለ ነገር ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

በ2016 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጄ 287 ከ600 አመጣሁ። ማለፊያው 300 ነው። አሥራ ሦስት ነጥብ! በዚያ ዓመት በአገሪቱ ያለፈው ከመቶ 5.4 ብቻ ነው እያሉ ዘመድ አዝማዱ አጽናኑኝ። ችግሩ ግን 5.4 ውስጥ የጎረቤታችን ልጅ አለችበት። የደስታው ድግስ ከአጥራችን ማዶ ነበር። ዘፈኑን እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሰምቻለሁ።

ምክንያት መደርደር አልወድም። ግን ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ያስቀረኝ ሒሳብና ፊዚክስ ነው። ሒሳብ 36፣ ፊዚክስ 38። ያን ዓመት ትምህርት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኔት የለም። የፊዚክስ መምህር ለሁለት ወር አልነበረንም፤ የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። ባዮሎጂ ብቻዬን አንብቤ ይገባኛል። ፊዚክስ ግን ብቻዬን አልገፋ አለኝ።

ሪሚዲያል (ማለፊያውን ላልሞላ ግቢ ውስጥ የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ደርሶኝ ነበር። አልሄድኩም። አባቴ በጣም ተቆጣ። እኔ ደግሞ 287 የሚል ውጤት ይዤ ግቢ መግባት አልፈለግሁም። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለሁለቱ ትምህርቶች አስጠኚ ቀጠርን። ዓመቱን ሙሉ ከቤት አልወጣንም ማለት ይቻላል። በ2017 በግል ተመዝግበን ተፈተንን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው ያደርነው። አንዷ ልጅ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ትናገር ነበር፤ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

መስከረም ላይ ውጤቱ መጣ። 359። ፊዚክስ 54፣ ሒሳብ 52፣ ባዮሎጂ 69።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት አለብኝ። የምፈልገው የጥርስ ሕክምና (ዴንታል) ነው። አያቴ ዘጌ ናት። ቆሎ በጣም ትወዳለች፤ ግን ጥርስ ስለሌላት በሙቀጫ ወቅጣ ነው የምትበላው። ልጅ ሆኜ የምወቅጥላት እኔ ነበርኩ። ነገሩ ከዚያ ነው የጀመረው።

አባቴ «ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሽው ጥርስ ልትነቅይ ነው?» ይላል። ለሱ ሜዲሲን ካልሆነ አካውንቲንግ ነው። መሃል ላይ ምንም የለም።

ጥያቄዬ፦ ድጋሚ መፈተኔ ኋላ ይቆጠርብኛል ወይ? በ359 ዴንታል ይታሰባል ወይ? የትኛውን ግቢ ላስቀድም?

---

ሪሚዲያል_ነበርኩ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡48

እህቴ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! ከ287 ወደ 359 ቀልድ አይደለም።

እኔ የ2014 ባች ነኝ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠበት፣ ሁላችንም እንደ ቅጠል የረገፍንበት ዓመት። በ2015 ሪሚዲያል ገባሁ፣ አለፍኩ፣ በ2016 ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሆንኩ። አሁን ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ስለዚህ አባትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ሪሚዲያል ብትሄጂ ኖሮ ዘንድሮ አንቺም ፍሬሽማን ነበርሽ። ዓመቱ ያው ዓመት ነው፤ አልቀደምሽም፣ አልዘገየሽም።

የቀየርሽው ነገር ግን አለ። ፍሬሽማን ስትጨርሺ ዲፓርትመንት ሲመደብ የግቢው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ የኢንትራንስ (የ12ኛ ክፍል ፈተና) ውጤትም ይደመርበታል። እኔ ጂፒኤዬ ጥሩ ሆኖ ኢንትራንሴ ወደ ታች ጎተተኝ። ሜዲሲን ፈልጌ ፋርማሲ ያረፍኩት በዚያ ነው። (አሁን ፋርማሲን ወድጄዋለሁ፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።) 359 ይዘሽ መግባትሽ እዚያ ጋ ይጠቅምሻል።

ስንት ጊዜ ተፈተንሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። እኔ ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። ሁለታችን ሪሚዲያል፣ አንዱ ደጋሚ ነው። ይህን ያወቅነው ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ መብራት ጠፍቶ ወሬ ስንፈጥር ነው።

ሌላው፣ እስካሁን በነበረው አሠራር ምርጫው ላይ የምትሞይው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ዴንታል የሚል ቦታ አታገኚም። ዴንታል የሌለው ግቢ ከገባሽ ፍሬሽማን ላይ 4.0 ብታመጪ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ግቢውን ነው የምትመርጪው።

---

ፈገግታ_የለም
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡05

359 ይዞ ዴንታል? 😂 እኔ የማውቃቸው 450 ያላቸው ልጆች ናቸው እየተጋፉ ያሉት። ነርሲንግ ሙይና ተኚ።

---

ሪሚዲያል_ነበርኩ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡09

450 ያላቸው ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ እንዴት እንደሚያደርጋቸው አይቻለሁ። ነርሲንግም የተኛ ሰው የሚማረው አይደለም ወንድሜ፤ ሌሊት ተረኛ ሲያደርጉህ ታየዋለህ።

---

አወያይ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡30

«ውጤት እናስተካክላለን፣ ምደባ እናስቀይራለን» የሚል የቴሌግራም አድራሻ የለጠፈ አባል ታግዷል። ብር እንዳትልኩ። ልካችሁ ከሆነ ደግሞ ለፖሊስ ነው እንጂ ለእኔ በውስጥ መስመር አትጻፉልኝ።

---

ጉጠት
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እህቴ፣ እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጅማ ነው የተማርኩት፤ አሁን የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ስለ ነጥቡ ሌሎቹ ብለውታል። እኔ ስለ ሥራው ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዴንታል የሚገባው ሜዲሲን አንድ ስንዝር ስትጎድልበት ነው። እኔም እንደዚያ ነው የገባሁት፣ አልዋሽም።

ዴንታል ያላቸው ግቢዎች አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ናቸው ብለሽ ጀምሪ። አዲስ አበባ አሁን የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ከባሕር ዳር ለምትነሺው ጎንደር ቅርብ ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1947 በጤና ትምህርት የተጀመረ ግቢ ነው፤ ሐኪም ማፍራት ለሱ አዲስ ነገር አይደለም። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ለዚያው ለጥርስ ሕክምና ፕሮግራም ዕውቅና እንዳለው አጣሪ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ማለት ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሜዲሲን ልጆች ጋር ብዙም አይለይም። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ። አስከሬኑም ያው አስከሬን ነው። ከዚያ መንገዱ ይለያያል። የእያንዳንዱን ጥርስ ቅርጽ ታጠኛለሽ፣ በሰም ትቀርጫለሽ። ከዚያ የአሻንጉሊት ጭንቅላት ላይ ትቦረቡሪያለሽ። ሰው አፍ ውስጥ እጅሽ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ኢንተርንሺፕ አለ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። አጭር መንገድ የመሰለው ሰው ተታሏል።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው አልቆለት ነው። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ተደርጎበታል። ከዚያ አረቄ ተይዞበታል። ከዚያ ቅርንፉድ። ቅርንፉዱ ላይ እናቶቻችን ልክ ናቸው። ዩጂኖል የሚባል ዘይት አለው፣ ሕመም ያደነዝዛል። እኛም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰን ለጊዜያዊ መሙያ እንጠቀምበታለን። ጥርስ ክሊኒክ ስትገቢ የሻይ ቅመም የሚሸትሽ ለዚህ ነው። ብቻ ይህ ሁሉ ሲያቅት ሰውየው ጉንጩ አብጦ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ይመጣል። «ንቀልልኝ» ይላል። ጥርሱ ይድናል ብትይውም «ንቀልልኝ» ነው። ለምን መሰለሽ? የሥር ሕክምና መመላለስ ይጠይቃል። ከአዴት ወይም ከደንገል በር ሦስት ጊዜ ማን ይመላለሳል? ትራንስፖርቱ አለ፣ መንገዱ ይዘጋል፣ አዝመራው አለ። ስለዚህ ልታድኚው የምትችይውን ጥርስ በገዛ እጅሽ ትነቅያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ማንም አልነገረኝም።

ደግሞ ግግ አለ። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይፈለፈላል። ነጭ ነገር ሲወጣ «ይኸው ትሉ» ይባላል። ትል አይደለም። ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል። ልጁ በተቅማጡ ላይ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ከሥሩ የተቀመጠው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። አሥር ዓመት ሲሞላው እኔ ጋ ይመጣና እናቱ «ለምን እንደዚህ ሆኖ በቀለ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ያስወጣችው እሷ ናት፣ ልጇን ልታድን ብላ።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ጥርሱ የቡና ቀለም የያዘ ወጣት ታያለሽ። አይቦርሽም ብለሽ እንዳትፈርጂ። የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበት ነው፤ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው የተነካው።

ስለ ገንዘብ፣ የመንግሥት ደሞዝ ምን እንደሆነ በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያው ጥያቄ ሲያነሳ ሰምተሻል። የግል ክሊኒክ እከፍታለሁ ካልሽ ወንበሩም፣ ኮምፕረሰሩም፣ መሙያውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ወገብና አንገት ደግሞ ሒሳቡን በአርባ ዓመትሽ ይጠይቅሻል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላስፈራራሽ አይደለም። አንድ ነገር እንድትሠሪ ነው። 501 ሳሙና ግዢ። ግማሹን ቁረጪና የታችኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ቅረጪ። በስድስት ዓመታችን ገደማ የሚበቅለው ነው። መስተዋት ይዘሽ የራስሽን እያየሽ። ስትጨርሺ ፎቶውን እዚህ ለጥፊ። አራት ሰዓት ቁጭ ብለሽበት ካልሰለቸሽ እንነጋገራለን።

---

ጋሽ_ማትሪክ
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡40

ከቅዳሴ ተመልሼ ነው ያነበብኳችሁ። ዶክተር ጉጠት፣ የግጉን ነገር በደንብ ጻፍከው። የእኔም ተነቅሏል ይባላል፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና።

ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ማትሪክ ነበር የሚባለው። በ1984 ተፈተንኩና ወደቅሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ያኔ ውጤት ይለጠፍ ነበር፣ ስልክ ላይ ተደብቀሽ አታዪም። በዓመቱ በፕራይቬት ተመዝግቤ ደገምኩ። ቤት ውስጥ ኩራዝ ስለሚጨስብኝ ከአስፋልቱ ዳር የመንገድ መብራት ሥር ቆሜ ነበር የማነበው። ትንኙ ከሐይቁ እየመጣ ይበላኛል። ሁለተኛውን አለፍኩ፣ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆንኩ፣ ጡረታም ወጣሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንተኛው ጊዜህ ነው ያለኝ የለም። ባለቤቴ ራሷ የሰማችው ሦስተኛው ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው፤ እሱንም ወንድሜ ሰክሮ አወጣብኝ እንጂ።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ያለፈውን ቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ የአስተማሪ አመል አይለቅም። 2014 ከመቶ 3.3፣ 2015 3.2፣ 2016 5.4፣ 2017 8.4። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ በሚወድቅበት ፈተና ልጁን ብቻ ደካማ ነው ማለት አይሆንልኝም። ኩረጃው መቅረቱ ጥሩ ነው። ግን ላቦራቶሪ ሳያይ ያደገን ልጅ ስለ ታይትሬሽን ስትጠይቀው የምትፈትነው ማንን ነው? እኔ ራሴ ስንት ዓመት በጠመኔ ብቻ ታይትሬሽን አስተምሬያለሁ። ቢዩሬት እስላለሁ፣ ጠብታውን እስላለሁ፣ ቀለሙ ተቀየረ እላለሁ። ሰሌዳው ላይ ምንም አይቀየርም።

ስለ አባትሽ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ሲመረቁ የሚሰጣቸው ማዕረግ «ዶክተር ኦፍ ዴንታል ሜዲሲን» መሆኑን ነግረሽዋል? አባት ነኝ፣ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው የሚሰማት።

---

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡02

ጋሼ በሳቅ ገደሉኝ 😂 አሁን ምሳ ላይ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ዶክተር ነው የሚሏቸው?» አለ። ከዚያ እንጀራውን ቀጠለ። ይህ ለአባቴ ትልቅ ነገር ነው።

ዶክተር ጉጠት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ጽፈውልኝ። ሳሙናውን ልገዛ ወጣሁ።

---

ከማንችስተር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ከመጣሁ ቆየሁ። የእህቴ ልጅ አምና ልክ አንቺ የሆንሽውን ሆኖ ነበር፤ አገሩ ብቻ ነው የተለየው።

እዚህ ፈተናው ኤ ሌቭል ይባላል፣ ውጤቱ በፈረንጅ ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው የሚመጣው። ለጥርስ ሕክምና ብዙዎቹ ሦስት ኤ ይጠይቃሉ፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደግሞ የግድ የሚሉ ብዙ ናቸው። እሱ አንድ ኤ፣ ሁለት ቢ አመጣ። ሊደግም ወሰነ። እዚህ ላይ ነው የሚከፋው። እናንተ ጋ ደጋሚን ማንም አይጠይቅም ተባባላችሁ። እዚህ ይጠይቃሉ። ደጋሚ አንቀበልም የሚል ዩኒቨርሲቲ አለ። የመጀመሪያው ውጤት ከዚህ በታች ካልሆነ እንቀበላለን የሚል አለ። ምንም የማይለው አለ። እህቴ እያንዳንዱ ጋ ስልክ ስትደውል ነው የከረመችው።

ማመልከቻው ዩካስ በሚባል አንድ ቦታ ነው የሚገባው። ለጥርስና ለሕክምና ቀነ ገደቡ ከሌላው ይቀድማል፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ነው። ከአራት በላይ የጥርስ ትምህርት ቤት መምረጥም አይቻልም። በዚያ ላይ ዩካት የሚባል የጭንቅላት ፈተና አለ፣ አፕቲትዩድን የሚመስል፣ ግን ሩጫ ነው። ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ልጁ ደግሞ ሦስት ኤ አመጣና ገባ፤ አምስት ዓመት ነው ትምህርቱ።

ይህን የምነግርሽ እንድትመጪ አይደለም። ክፍያው ለውጭ ተማሪ የሚቀመስ አይደለም፣ ቦታውም ጥቂት ነው። እዚያው ተማሪ። ተመርቀሽ አንድ ቀን እዚህ ልሥራ ብትዪ እንኳ ለውጭ ምሩቃን ሁለት ክፍል ያለው የምዝገባ ፈተና አለ። መንገዱ ከዚያም ይጀምራል።

አያትሽ ዘጌ የት ጋ ናት? እኔም በእናቴ በኩል የዚያው ነኝ።

---

ሦስት_ልጅ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እናት ነኝ። ማንም ሰው ያላነሳውን ላንሳ። ልጅቷ ግቢ እስክትገባ ሁለት ወር አለ። አባትየው ዓመቱን ሙሉ የአስጠኚ ሲከፍል ነበር። የቁጣው ግማሽ እሱ ይሆናል። ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ካለው ሱቁ ላይ፣ እርሻ ካለው እርሻው ላይ እርጂው። ክርክሩን ተይው።

---

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

ባጃጅ ነው ያለው እትዬ 😊 ማጠቡን ጀምሬያለሁ።

ሳሙናው ይኸው ፎቶው። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛው ላይ እማዬ የሽንኩርት ቢላዋዋን ቀማችኝ፣ ልብስ በምን ልናጥብ ነው ብላ። ሦስተኛውን በምላጭና በስክሪብቶ ክዳን ነው የሠራሁት። አራት ሰዓት አይደለም፣ ሁለት ምሽት ነው የፈጀብኝ። አፌን ከፍቼ መስተዋት ፊት ስቀመጥ ታናሽ ወንድሜ «አበደች» ብሎ ጎረቤት ጠራ። ሁለት ሥር አድርጌለታለሁ፣ ያ ከመጽሐፍ ነው።

---

ጉጠት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው። ሥሮቹ ወደ ኋላ ጋደል ማለታቸውን አይተሽ ነው ወይስ ምላጩ ነው? አይተሽ ከሆነ ዓይን አለሽ።

ግን አንድ ስሕተት አለ። ከላይ ስንት ጉብታ ሠራሽ? ቁጠሪያቸው። አራት ናቸው። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አምስት ነው ያለው። አንቺ የቀረጽሽው ከኋላው ያለውን፣ ሁለተኛውን ነው። ምላስሽን ከፊት ወደ ኋላ እየወሰድሽ ዳስሺው፣ ይለያሉ።

---

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡41

ወይኔ! እውነትም አምስት ነው። ይኸን ሁሉ ዓመት አፌ ውስጥ ኖሮ ቆጥሬው አላውቅም።

---

ፈገግታ_የለም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

እሽ፣ ሳሙናው ያምራል። እኔም ሞከርኩት፣ ድንች ነው የመሰለው። በዚያ ቀን ስለተናገርኩት ይቅርታ። 287 የሚባለውን ነገር እኔም አውቀዋለሁ፤ የእኔ 281 ነው።

---

ሪሚዲያል_ነበርኩ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡06

ወንድሜ ቀድመህ አትለንም? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የሪሚዲያል ማስታወሻዎቼ አሉ።

ለቀበሌ14 ደግሞ ከመርሳቴ በፊት። ግቢ ስትገቢ ዓይንሽን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ብቻ አታድርጊ። ጂፒኤ የሚበላሸው ሰው በሚንቃቸው ኮርሶች ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሁሉም ክሬዲት አላቸው። ቀለሜ የምንለው ልጅ ፊዚክስ ላይ ኤ ደፍኖ ሎጂክ ላይ ሲ አገኘ። ዶርም ውስጥ ለሦስት ቀን አላናገረንም።

---

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡15

አንድ የአክስቴ ጓደኛ የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ገብቼ አንድ ቀን እንድውል ፈቀዱልኝ። በሩን ስከፍት እውነትም ቅርንፉድ ሸተተኝ።

ጠዋት ጥሩ ነበር። ማጽዳት፣ ማስሞላት። ከሰዓት አንዲት ሴትዮ መጡ፣ መንጋጋ ሊያስነቅሉ። ማደንዘዣው ተወጋ፣ ተጠበቀ። ሐኪሙ ይጎትታል ብዬ ነበር የምጠብቀው። አይጎትትም። ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ያነቃንቃል፣ እንደ አጥር ግንድ። ከዚያ አጥንቱ ሲለቅ አንዲት ድምፅ አለች። ቂጭ የምትል። እሷን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስኳር በውኃ አጠጡኝ። ሴትዮዋ አፋቸው በጎዝ ተሞልቶ እኔን በእጃቸው «አይዞሽ» ይሉኛል። እሳቸው ለእኔ!

ዶክተር ጉጠት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ምልክት ነው?

---

ጉጠት
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡20

ምልክቱ ምሳ አለመብላትሽ ነው። እኔ ጅማ መጀመሪያ ቀን ወድቄ ግንባሬን ተፈንክቻለሁ፣ ጠባሳው አለ። ሥራው ላይ ስትሆኚ ጆሮሽ እጅሽን ስለሚከተል ድምፁ አያስደነግጥሽም፤ የሚከብደው ቆሞ ማየቱ ነው። ለእኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከወለሉ ከተነሳሽ በኋላ ቀጣዩን በሽተኛ አየሽ ወይስ ወደ ቤትሽ ሄድሽ?

---

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡24

አየሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነበርኩ።

---

ጉጠት
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡25

እንግዲያው ጎንደርን አንደኛ አድርጊ።

---

ቀበሌ14 (ጠያቂ)
ከሁለት ወር በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የጠፋሁት ኔት አስቸግሮኝ ነው። ምደባ ወጥቷል። ጎንደር ደርሶኛል! ዴንታል ገና ነው፣ ፍሬሽማን አለ፣ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ጅማ ደረሳት፤ ስናለቅስ ዋልን፣ በአንድ አስጠኚ ዓመቱን ሙሉ ተጎራብተን።

አባቴ በባጃጁ አዙሮ አዙሮ ለማንም ለተሳፈረ ሁሉ ነግሯል። ትናንት ከመናኸሪያ እስከ ፓፒረስ አብሬው ነበርኩ። ለአንድ ሽማግሌ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ጎንደር ልትሄድ ነው» አላቸው። ሰውየው «የምን ዶክተር?» ሲሉት ፍንክች አላለም። «የጥርስ» አለ። ከዚያ የሚያማቸውን ጥርስ እስኪወርዱ ድረስ ለእኔ አሳዩኝ። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ነው፣ በግራ በኩል። አምስቱንም መቁጠር አልቻልኩም፤ ሦስቱ ተበልተዋል።

ቅዳሜ ዘጌ ሄጄ አያቴን ተሰናብቻለሁ። ከማንችስተር፣ አያቴ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ናት፤ እናትዎን ታውቃቸው እንደሆነ ስማቸውን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። በጀልባ ስመለስ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፣ ያልተወቀጠ። ሹራብ እየገዛሁ ነው፣ ጎንደር ይበርዳል ብላችሁ አስፈራራችሁኝ።

ሳሙናዋን ይዤ ልሄድ ነበር። እማዬ ትናንት ነጠላ አጥባባታለች። ሥሯ ብቻ ቀርቷል።